የእስያ ጥናት፦ የመጀመሪያና ሁለተኛ ዲግሪን አጣምሮ በአምስት ዓመት ለመጨረስ

"የመጀመሪያ ዲግሪህንና ማስተርስህን አጣምረህ በአምስት ዓመት ትጨርሳለህ" የተባለ ተማሪ መጀመሪያ የሚያሰላው የሚተርፈውን ዓመትና ገንዘብ ነው። ስሌቱ ስህተት የለበትም። ይሁን እንጂ በእስያ ጥናት ሰዓቱን የሚይዘው ቋንቋው ነው። ቻይንኛን ወይም ጃፓንኛን በሦስተኛ ዓመቱ የጀመረ ተማሪ ክሬዲቱን ሁሉ ቢያሟላ እንኳ በዚያ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ አንብቦ የመመረቂያ ጽሑፍ ለመሥራት አይደርስም። ስለዚህ ከቋንቋው ተነስተን ወደ ክሬዲቱ፣ ከዚያ ወደ ገንዘቡና ወደ ወረቀቱ እንሄዳለን፤ የማመልከቻው ቅጽ የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

ዋናው ምሳሌ አሜሪካ ይሆናል፤ ጥምር ዲግሪ በዚህ መልክ ተደራጅቶ በስፋት የሚሰጠው እዚያ ነውና። በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በአዲስ አበባ ላሉ የሚጠቅመው ከታች አለ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የቀረበላችሁ ምን ዓይነት ጥምር ዲግሪ ነው?

በአንድ ስም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ። የመጀመሪያው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳላችሁ የማስተርስ ኮርሶችን የምትጀምሩበት፣ ከእነዚህም የተወሰኑት ለሁለቱም ዲግሪዎች የሚቆጠሩበት ነው። አሜሪካኖች "አራት ሲደመር አንድ" ይሉታል። የምናወራው በዋናነት ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው በሁለት ተቋማት ወይም በሁለት የትምህርት ዘርፎች መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው። ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከናንጂንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ1986 በናንጂንግ ከተማ የከፈተው ማዕከል የታወቀ ምሳሌ ነው። እዚያ የሚገቡ የውጭ ተማሪዎች ኮርሶቻቸውን የሚከታተሉት በአብዛኛው በቻይንኛ ስለሆነ፣ በሩ ክፍት የሚሆነው ቋንቋውን ጠንቅቀው ለመጡ ነው።

ሦስተኛው ስም ብቻ ነው። በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ቻይንኛ ወይም ጃፓንኛ አራት ዓመት የተማረ ሰው "ማስተር ኦፍ አርትስ" የሚል ወረቀት ተቀብሎ ይወጣል፤ በስኮትላንድ የቆየ ልማድ ግን ይህ የመጀመሪያ ዲግሪ መጠሪያ ነው። ኦክስፎርድና ካምብሪጅም የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ዓመታት ሲያልፉ ያለ ተጨማሪ ትምህርትና ፈተና የማስተርስ ማዕረግ እንዲይዙ ይፈቅዳሉ። ትምህርቱ ጥሩ አይደለም ማለት አይደለም፤ ሁለተኛ ዲግሪ ይሆነናል ብላችሁ ከተመዘገባችሁ ግን አልሆነላችሁም።

2. ቋንቋውን ምረጡ፣ ሰዓቱን ቁጠሩ

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ቋንቋዎችን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ በሚወስዱት ጊዜ ይመድባል። ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ ከዓረብኛ ጋር በከባዱ ምድብ ውስጥ ናቸው፦ 88 ሳምንት፣ 2,200 የክፍል ሰዓት። ሂንዲ፣ ቬትናምኛና የታይላንድ ቋንቋ 44 ሳምንት ያህል ይፈጃሉ። ኢንዶኔዥያኛ 36 ሳምንት ይበቃዋል። አማርኛም በዚሁ ሰንጠረዥ ላይ አለ፤ ከሂንዲ ጋር በ44 ሳምንቱ ተራ ተሰልፏል። እናታችን ያለ ክፍያ ያስተማረችን ቋንቋ ለአንድ ዲፕሎማት የአንድ ዓመት ሙሉ ሥራ መሆኑን ማወቅ ትንሽ ያኮራል።

አሁን ይህን ከዩኒቨርሲቲ ሰሌዳ ጋር አስተያዩት። በሳምንት 5 ሰዓት የሚሰጥ የቋንቋ ኮርስ በ15 ሳምንት ሴሚስተር 75 ሰዓት፣ በዓመት 150 ሰዓት ይሆናል። አራት ዓመት ሳታቋርጡ ብትማሩ 600 ሰዓት ነው። ከ2,200 ጋር ያለው ርቀት ሰፊ ነው፤ የቤት ሥራና የግል ንባብ የተወሰነውን ቢሸፍኑም ቀሪውን የሚሞሉት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ የክረምት የተጠናከረ ኮርስና ቋንቋው በሚነገርበት አገር የሚቆይ ጊዜ። በቨርሞንት ግዛት የሚገኘው ሚድልበሪ ኮሌጅ ከ1915 ጀምሮ የክረምት የቋንቋ ትምህርት ቤቶችን ያካሂዳል። ተማሪው በዚያ በሚቆይባቸው ሳምንታት ከሚማረው ቋንቋ በቀር ሌላ ላለመናገር ቃል ይገባል። ይህን የመሰለ አንድ ክረምት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ የትምህርት ዓመት ኮርስ ይተካል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ውሳኔ ቀላል ነው። ከከባዱ ምድብ ከመረጣችሁ የቋንቋ ኮርሱን በመጀመሪያው ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ጀምሩ። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ ገና ሐሳባችሁን ካልወሰናችሁ ኢንዶኔዥያኛን ወይም ሂንዲን በቁም ነገር አስቡበት። ደቡብ ምሥራቅ እስያን የሚማር ሰው ጥቂት ስለሆነ መምህራኑ ተማሪዎቻቸውን በስም ያውቃሉ፣ የገንዘብ ድጋፍ የሚሻማውም ያንሳል። በማኖዋ የሚገኘው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ከታይላንድ፣ ከቬትናምና ከኢንዶኔዥያ ቋንቋዎች አልፎ እንደ ኢሎካኖ ያሉ በሌላ ቦታ እምብዛም የማይገኙ የፊሊፒንስ ቋንቋዎችን ጭምር ያስተምራል።

ኮሪያኛን ከተከታታይ ድራማ የለመዱ ልጆች በየቤቱ አሉ። እናንተም ከእነርሱ ከሆናችሁ የምደባ ፈተና ተፈተኑ፤ ግን ጆሮ የቀደመውን ያህል እጅ እንዳልቀደመ አስታውሱ። ሰዋስውና ጽሕፈት ሳይጠነክር ወደ ሁለተኛ ዓመት ክፍል የዘለለ ተማሪ በሦስተኛው ዓመት የጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ ሲሰጠው ይንገዳገዳል።

ደረጃችሁን የሚያሳይ የውጭ ማስረጃም ቀስ በቀስ አዘጋጁ። ለጃፓንኛ ከኤን 5 (ጀማሪ) እስከ ኤን 1 (ከፍተኛ) ያለው የብቃት ፈተና፣ ለቻይንኛ ኤችኤስኬ፣ ለኮሪያኛ ቶፒክ የታወቁት ናቸው። የጃፓንኛው ፈተና በብዙ አገሮች በጁላይና በዲሴምበር ሲሰጥ በአሜሪካ በዲሴምበር ብቻ ነው፤ ምዝገባው ካመለጣችሁ አንድ ዓመት ትጠብቃላችሁ።

3. ዩኒቨርሲቲውን በጥያቄ ፈትኑት

በኒው ጀርሲ የሚገኘው ሲተን ሆል ዩኒቨርሲቲ በእስያ ጥናት የአምስት ዓመት ጥምር ዲግሪ ይሰጣል። በማያሚ ያለው ፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። በዋሽንግተን ዲሲ፣ የወገኖቻችን ቁጥር በበዛበት አካባቢ፣ ሁለት ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች አሉ፦ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ኤልየት ትምህርት ቤትና የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የውጭ አገልግሎት ትምህርት ቤት። ሁለቱም በእስያ ጥናት ማስተርስ ይሰጣሉ፤ የራሳቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ወደ ማስተርስ ቀድመው የሚሻገሩበት መንገድም አላቸው። የኤልየት ትምህርት ቤት ሕንፃ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ በእግር የሚደረስበት ርቀት ላይ ስለሆነ የሙያ ልምምድ የሚፈልግ ተማሪ ይመቸዋል። ሆኖም የሁለቱም የትምህርት ክፍያ እጅግ ከባድ ነው። ያለ በቂ ነፃ የትምህርት ዕድል ዕዳ ተሸክሞ እዚያ መግባትን እኔ አልመክርም።

ደንቦች በየዓመቱ ስለሚሻሻሉ የዩኒቨርሲቲውን የዘመኑን የኮርስ ካታሎግ አንብቡ። ካነበባችሁ በኋላ ለማስተርስ ፕሮግራሙ ኃላፊ እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ ላኩ፤ መልሱንም አስቀምጡ፦

- ለሁለቱም ዲግሪ የሚቆጠረው ክሬዲት ስንት ነው? በእነዚያ ኮርሶች ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ውጤትስ?
- የመጀመሪያ ዲግሪው በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ይሰጣል ወይስ ሁለቱ በአንድ ላይ በአምስተኛው ዓመት?
- ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪነት ወደ ድኅረ ምረቃ ተማሪነት የምዛወረው መቼ ነው?
- ከሌላ ኮሌጅ ይዤ የመጣሁት ክሬዲት ለመግቢያ መስፈርቱ ይታሰባል?
- በውጭ አገር የምወስደው የቋንቋ ኮርስ ለማስተርሱ ይቆጠራል?

አራተኛው ጥያቄ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚዛወሩ ወሳኝ ነው። ብዙ የኢትዮጵያውያን ልጆች በሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምረው መዛወርን ይመርጣሉ፤ ከወጪ አንጻር አስተዋይ ምርጫ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ጥምር ፕሮግራሞች ለማመልከት ከሚጠይቁት ክሬዲት ውስጥ የተወሰነው በራሳቸው ግቢ የተወሰደ እንዲሆን ይፈልጋሉ። እንዲህ ከሆነ የተዛወረ ተማሪ ለማመልከት ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ የምትፈልጉትን የእስያ ቋንቋ የማያስተምር ከሆነ ደግሞ ሁለት የቋንቋ ዓመት ይባክናል፤ ያኔ ክረምቱን ለቋንቋ ማዋል ግዴታ ይሆናል።

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ ያሳዝናል። መሠረታዊና መካከለኛ የቋንቋ ኮርሶች የማስተርስ ክሬዲት አያስገኙም። ይህ ማለት ቋንቋው ከማስተርሱ ክሬዲት በላይ የሚደረብ ሥራ ነው።

4. ክሬዲቱን በወረቀት ላይ አስሉት

በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። በእስያ ጥናት ማስተርስ ከ30 እስከ 40 ክሬዲት ሊጠይቅ ይችላል። ማስተርሱ 30፣ ለሁለቱም የሚቆጠረው 12 ቢሆን፣ አጠቃላይ ጭነቱ ከ150 ወደ 138 ይወርዳል። በአራተኛው ዓመት 12ቱን ስትጨርሱ 18 ይቀራችኋል። የድኅረ ምረቃ ሙሉ ጊዜ ጭነት በተለምዶ 9 ክሬዲት ስለሆነ ቀሪው በሁለት ሴሚስተር ያልቃል፤ አምስት ዓመት። ማስተርሱ 36 ከሆነ ግን 24 ይቀራል፣ ወይ ክረምት ይጨመራል ወይ ወደ ስድስተኛው ዓመት ይገፋል። "አምስት ዓመት" የሚለውን ማስታወቂያ አምናችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ቅነሳ ራሳችሁ ሥሩት።

ሌላም ነገር አለ። ሙሉ ጊዜ ለሚማር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሴሚስተር አንድ ወጥ ክፍያ የሚያስከፍሉ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው። በዚህ አሠራር በአራተኛው ዓመት የሚወሰዱት የማስተርስ ኮርሶች በዚያው ክፍያ ውስጥ ይጠቃለላሉ። የጥምር ዲግሪ እውነተኛ ቁጠባ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጉድለት ልብ በሉ፦ ለሁለቱም የተቆጠረ ክሬዲት ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ላይቆጠር ይችላል። በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ማስተርሱን ትታችሁ ሌላ ቦታ ብታመለክቱ 12ቱ ክሬዲት በመጀመሪያ ዲግሪው ላይ ጥቅም ላይ ስለዋሉ አዲሱ ዩኒቨርሲቲ እንደ አዲስ ሊያስጀምራችሁ ይችላል።

5. የተማሪነት ደረጃ የሚቀየርበት ቀንና ገንዘቡ

ቤተሰብ በብዛት የሚደናገጠው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ፔል ግራንት፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ልጅ የሚሰጠው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ፣ የሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ላልያዘ ተማሪ ብቻ ነው፤ በዕድሜ ልክ ከ12 ሙሉ ሴሚስተር አይበልጥም። ወደ ድኅረ ምረቃ የተዛወራችሁ ዕለት ይቋረጣል። ግዛቶች የሚሰጡት እርዳታና ዩኒቨርሲቲው ለጥሩ ውጤት የሚሰጠው ስኮላርሺፕም አብዛኛውን ጊዜ በስምንት ሴሚስተር ያበቃል። በአንጻሩ የድኅረ ምረቃ ረዳትነት ሥራ፣ ክፍያ ቀርቶለት ደመወዝ የሚገኝበት፣ የሚከፈተው ድኅረ ምረቃ ከሆናችሁ በኋላ ነው።

ፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ በጥምር ዲግሪ ደንቡ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። ተማሪው ከ75 እስከ 90 ክሬዲት ሲደርስ ያመለክታል፤ የመጀመሪያ ዲግሪው እስኪሰጠው ድረስ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እንደሆነ ይቆያል፤ ዲግሪው ሲሰጠው ድኅረ ምረቃ ይሆናል፣ ለረዳትነት ማመልከትም ይችላል። ለሁለቱም የሚቆጠሩት የኮርስ ቁጥራቸው 5000 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት፣ ማለትም የድኅረ ምረቃ ደረጃ ኮርሶች፣ ብቻ ናቸው። ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም የዚህን ያህል ግልጽ መልስ ጠይቁ።

ብድርም ከደረጃው ጋር ይቀየራል። በወላጅ ሥር ያለ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ በዓመት እስከ 7,500 ዶላር የፌዴራል ብድር ሊወስድ ይችላል፤ ድኅረ ምረቃ ሲሆን ጣሪያው 20,500 ይደርሳል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግን ግራድ ፕላስ የሚባለው ተጨማሪ ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች ስለሚቀር ከ20,500 በላይ ያለውን ክፍተት በፌዴራል ብድር መሙላት አይቻልም። አምስተኛውን ዓመት ስታቅዱ ይህን ቁጥር ከክፍያው ጎን አስቀምጡት። እንደ እኔ ከሆነ፣ በእስያ ጥናት ማስተርስ የሚገኘው የመጀመሪያ ደመወዝ የከረረ ዕዳ አይሸከምም።

ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ ለሄደ ሰው ሌላ ስሌት አለ። ከምረቃ በኋላ የሚፈቀደው የ12 ወር የሥራ ልምምድ ለእያንዳንዱ የዲግሪ ደረጃ አንድ ጊዜ ነው። ሁለቱ ዲግሪዎች በአንድ ቀን ከተሰጡ የመጀመሪያው ዲግሪ ዕድል ሳትጠቀሙበት ሊያልፍ ይችላል። የእስያ ጥናት ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፎች ስለማይመደብ ለእነዚያ ዘርፎች ተመራቂዎች የሚፈቀደው የ24 ወር የልምምድ ማራዘሚያ አይመለከተውም።

6. ግሪን ካርድ፣ ዜግነትና የውጭ አገር ሴሚስተር

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው ዩኒቨርሲቲዎች ለእኛ ዓይነቱ ተማሪ ስለማይነግሩት ነው።

ለእስያ ቋንቋ ተማሪዎች የሚሰጡት ታላላቅ የአሜሪካ መንግሥት ድጋፎች በአብዛኛው ዜግነት ይጠይቃሉ። የክረምት የቋንቋ ትምህርት ሙሉ ወጪ የሚሸፍነው የክሪቲካል ላንጉጅ ስኮላርሺፕ፣ ፔል ግራንት ለሚያገኙ ተማሪዎች እስከ 5,000 ዶላር የሚሰጠው ጊልማን፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እስከ 25,000 ዶላር የሚደርሰው ቦረን፣ ሦስቱም ለዜጋ ብቻ ናቸው። ቦረን የወሰደ ተማሪ ከዚያ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት በፌዴራል መንግሥት ውስጥ የማገልገል ግዴታ አለበት። ፍላስ የሚባለው የውጭ ቋንቋና የአካባቢ ጥናት ድጋፍ ቋሚ ነዋሪንም ይቀበላል። ሁሉም በፌዴራል በጀት ላይ የተንጠለጠሉ ስለሆኑ ገንዘቡ መኖሩን በዚያው ዓመት አረጋግጡ እንጂ ያለፈውን ዓመት ማስታወቂያ ይዛችሁ አታቅዱ።

በዲቪ ሎተሪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ መጥታችሁ ቋሚ ነዋሪ ከሆናችሁ፣ የውጭ አገር ቆይታችሁ ከዜግነት ማመልከቻችሁ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ለዜግነት በአጠቃላይ አምስት ዓመት ያልተቋረጠ ነዋሪነት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 30 ወር በአካል መገኘት ያስፈልጋል። ከስድስት ወር በላይ የዘለቀ አንድ ጉዞ ነዋሪነቱ እንደተቋረጠ ሊያስቆጥር ስለሚችል ማስረጃ ማቅረብ የእናንተ ድርሻ ይሆናል። አንድ ዓመት የሞላው ያቋርጠዋል፤ ተመልሶ ለመግባትም ከመሄዳችሁ በፊት የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት ይኖርባችኋል። በቶኪዮ ወይም በሶል የሚያልፍ ሙሉ የትምህርት ዓመት አሥር ወር ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አላችሁ፦ ወይ አንድ ሴሚስተር ብቻ ሄዳችሁ አራት ወይም አምስት ወር ቆይታችሁ መመለስ፣ ወይ ዜግነቱን ጨርሳችሁ ዓመቱን ሙሉ መሄድ። የዜግነት ማመልከቻው አምስቱ ዓመት ከመሙላቱ 90 ቀን አስቀድሞ ሊገባ ይችላል። ቀኑ ከሦስተኛው ዓመት ጋር ከተጋጨ ጉዞውን ወደ ክረምት አዛውሩት። ጉዳዩ ጠመዝማዛ ከሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ሳያውቁት ዜጋ የሆኑ ልጆችም አሉ። ከ18 ዓመት በታች ሳላችሁ፣ ግሪን ካርድ ይዛችሁ ከወላጃችሁ ጋር ስትኖሩ እናታችሁ ወይም አባታችሁ ዜግነት ከወሰዱ፣ እናንተም በ2000 በወጣው ሕግ መሠረት ወዲያውኑ ዜጋ ሆናችኋል። የሚቀረው ፓስፖርት ማውጣት ነው። ከማንኛውም የስኮላርሺፕ ማመልከቻ በፊት ይህን ከቤተሰብ ጋር አጣሩ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ተማሪ ለጃፓን፣ ለኮሪያና ለቻይና ቪዛ ያስፈልገዋል። አሜሪካዊ ጓደኞቹ ሻንጣ ማሰር ሲጀምሩ እርሱ ገና የቆንስላ ቀጠሮ ሊጠብቅ ይችላልና የመቀበያ ደብዳቤው በደረሰው ሳምንት ይጀምር።

7. ማመልከቻውና የጊዜ ሰሌዳው

በመጀመሪያው ዓመት ቋንቋ፣ የምሥራቅ ወይም የደቡብ እስያ ታሪክ መግቢያና አንድ የስታቲስቲክስ ኮርስ ውሰዱ። የመጨረሻው ያስገርም ይሆናል፤ ሆኖም የእስያ ጥናት ማስተርስ ብቻውን ሥራ አያስገኝም። ኢኮኖሚክስ፣ የመረጃ ትንተና ወይም ሕግ ከጎኑ የቆመለት ተመራቂ ግን ይፈለጋል። በሁለተኛው ዓመት የትምህርት ክፍላችሁን ስታስመዘግቡ የማስተርስ ፕሮግራሙን ኃላፊ በአካል ሄዳችሁ ተዋወቁ። የመጀመሪያ ዲግሪ አማካሪዎች ስለ ድኅረ ምረቃ ደንብ የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። ክረምቱ ለተጠናከረ የቋንቋ ኮርስ ይሁን።

ሦስተኛው ዓመት ወጥመድ አለበት። የውጭ አገር ሴሚስተርና የጥምር ዲግሪው ማመልከቻ የሚገጥሙት በዚያው ዓመት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን ሁለት መምህራን ጠይቁ፤ ቢቻል አንዱ የቋንቋ፣ ሌላው ረጅም ጽሑፍ ያቀረባችሁበት ሴሚናር መምህር ይሁን። ያንን ጽሑፍ ከመምህሩ እርማት ጋር አስቀምጡት፣ የጽሑፍ ናሙና ሲጠየቅ አሻሽላችሁ የምታቀርቡት እርሱን ነው። በሚጻፈው መግለጫ ላይ "ለእስያ ባህል ያለኝ ፍቅር" ብሎ መጀመር የአንባቢውን ዓይን ያደክማል። በየትኛው አገር፣ በየትኛው ጥያቄ ላይ፣ በየትኛው ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ልትመረምሩ እንዳሰባችሁ ጻፉ።

በአራተኛው ዓመት የማስተርስ ሴሚናሮች ይጀምራሉ። በሳምንት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ማንበብና በሴሚስተሩ መጨረሻ ከ20 ገጽ በላይ መጻፍ የተለመደ ነው። በአንድ ሴሚስተር ከሁለት በላይ አትያዙ።

8. የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ፦ አማርኛ የሚከፍታቸው በሮች

የክፍል ጓደኞቻችሁ የሌላቸው አንድ ሀብት አላችሁ፤ የኢትዮጵያን ሰነድ በአማርኛ ታነባላችሁ። ይህ በእስያ ጥናት ውስጥ ባዶ ጌጥ አይደለም። የ1931ዱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የተቀዳው በ1889 ከወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። በዚያው 1931 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልዑካን መርተው ጃፓን ሄደዋል። ጃፓንን እንደ አርአያ ያዩት የዘመኑ ምሁራን የጻፉትን በአማርኛ፣ የጃፓን ጋዜጦች የጻፉትን በጃፓንኛ አንብቦ ማስተያየት የሚችል ተማሪ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ብርቅ ነው።

ለኮሪያ ጦርነት በ1951 ፑሳን የደረሰው የቃኘው ሻለቃና የሶል መንግሥት የሚዘክርበት መንገድ ሌላ ርእስ ነው። ቹንቾን ከተማ ውስጥ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ አለ። ዛሬን ለሚወድ ደግሞ ዱከም ያለው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን፣ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ከጃፓን የተወሰደውና በ2011 የራሱ ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት የካይዘን አሠራር አሉ። ደቡብ እስያን የመረጠ መሊክ አምበርን ያንሳ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ በባርነት ተሽጦ፣ በሕንድ ደካን ምድር የአሕመድነጋር መንግሥት አዛዥ ሆኖ ሙጋሎችን የተፋለመና በ1626 የሞተ ሰው።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ርእሱ ወደ ኢትዮጵያ ብቻ ካዘነበለ የእስያ ጥናት መሆኑ ይቀራል። ቢያንስ ግማሹ ማስረጃ ከእስያው ቋንቋ ይምጣ።

9. ከአሜሪካ ውጭ

በአውሮፓ ጥምር ዲግሪ መፈለግ ብዙም አያስፈልግም፤ ሥርዓቱ ራሱ አጭር ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ላይደን ዩኒቨርሲቲ የቻይና፣ የጃፓን፣ የኮሪያ ወይም የደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ጥናት የመጀመሪያ ዲግሪን በሦስት ዓመት፣ የእስያ ጥናት ማስተርስን በአንድ ዓመት ይሰጣል። በድምሩ አራት ዓመት፣ ምንም ክሬዲት ሳይጋሩ። የምርምር ማስተርሱ ሁለት ዓመት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሲያንስ ፖ በለ ሃቭር ግቢው አውሮፓና እስያ ላይ ያተኮረ የሦስት ዓመት ዲግሪ አለው፤ ሦስተኛው ዓመት በውጭ ይታለፋል፣ ማስተርሱ በፓሪስ ሁለት ዓመት ይቀጥላል። በፓሪስ ኢናልኮ የእስያ ቋንቋዎች ከአማርኛ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰጣሉ፤ የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የእስያና አፍሪካ ተቋምም የኢትዮጵያ ጥናትን በአንድነት ይዟል።

በእስራኤል የኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ ቴል አቪቭና ሃይፋ የእስያ ወይም የምሥራቅ እስያ ጥናት ክፍሎች አሏቸው። የመጀመሪያ ዲግሪው ሦስት ዓመት ነው። ለጎበዝ ተማሪ ወደ ማስተርስ ቀጥታ የሚያሻግር መንገድ በክፍሉ መኖር አለመኖሩን በመጀመሪያው ዓመት ጠይቁ፤ ምርጫው የሚካሄደው በውጤት ስለሆነ ዘግይቶ የሰማ ያመልጠዋል።

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ግን ቀናው መንገድ የእስያ መንግሥታት የሚሰጡት ሙሉ ነፃ የትምህርት ዕድል ነው፦ የኮሪያ መንግሥት፣ የጃፓን የትምህርት ሚኒስቴርና የቻይና መንግሥት። ሁለቱ ዲግሪዎች በየራሳቸው ይሰጣሉ እንጂ ጥምር አይደሉም። የኮሪያው ማስተርስ ለምሳሌ አንድ ዓመት ቋንቋ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ትምህርት ነው። የቋንቋ ዓመቱ በወጪያቸው ስለሆነ ከላይ ያስጨነቀን የሰዓት ጉዳይ በከፊል ይቃለላል።

10. ሲጨርሱ

ለምረቃ የሚቀርበው ማመልከቻ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ለየብቻ ነው። የመጀመሪያውን ረስቶ ያለፈ ተማሪ ደረጃው ስላልተቀየረ የረዳትነት ደመወዙ ሊያዝበት ይችላል። ለአሜሪካ ፌዴራል ሥራ የምታመለክቱ ከሆነ፣ ማስተርስ በደመወዝ እርከኑ ጂኤስ 9 ላይ ለመጀመር የሚያበቃ ሲሆን የመጀመሪያ ዲግሪ በጂኤስ 5 ወይም ጥሩ ውጤት ላለው በጂኤስ 7 ያስጀምራል። ስለዚህ የማስተርሱ የምረቃ ቀን በትራንስክሪፕቱ ላይ በግልጽ መጻፉን ተመልከቱ።

ኢትዮጵያ ተመልሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ዲግሪዎቹን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት እንዲሰጣቸው ማቅረብ ይኖርባችኋል። ያን ጊዜ አንድ ኮርስ በሁለት ትራንስክሪፕት ላይ ተደግሞ ሲታይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ከግቢው ሳትወጡ፣ የትኞቹ ኮርሶች በዩኒቨርሲቲው ደንብ ለሁለቱም ዲግሪ እንደተቆጠሩ የሚዘረዝር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከሬጅስትራሩ ተቀበሉ፤ ሁለቱንም ዲፕሎማ፣ ሁለቱንም ትራንስክሪፕትና ይህን ደብዳቤ በአንድ ላይ አረጋግጣችሁ ያዙ።